መኪናውን የሚነዳው ማን ነው?

ዶክትሬቱን ጨርሶ የመምህርነት ሥራ የሚፈልግ ሰው፣ አዲስ አበባም ይሁን አሜሪካ፣ ፈታኞቹ ፊት ሲቀመጥ የማትቀርለት አንዲት ጥያቄ አለች፤ «የምርምር አጀንዳህ ምንድን ነው?» የምትል። አብዛኛው ጀማሪ በዝርዝር ይመልሳታል። የመመረቂያ ጽሑፉን ሦስት ቦታ ከፍሎ ሦስት መጣጥፍ ያደርገዋል፤ ገንዘብ ሰጪዎች በዚያ ዓመት የወደዱትን ቃል ጣል ያደርግበታል፤ መጨረሻ ላይ «ወደ መጽሐፍ አሳድገዋለሁ» ብሎ ይዘጋል። መልሱ አያሳፍርም፤ ሥራም ያስቀጥራል። ሰውየው ሌሎች ያላዩትን ምን እንዳየ ግን አይናገርም።

ለዚህች ጥያቄ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከተሰጡት መልሶች አንዱና ብዙ ያከራከረው የተገኘው ላስ ቬጋስ ጎዳና ላይ ነው። ሮበርት ቬንቱሪ፣ ዴኒዝ ስኮት ብራውንና ስቲቨን አይዘኑር የጻፉት «ከላስ ቬጋስ መማር» በ1972 በኤም አይ ቲ ማተሚያ ቤት ወጣ (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ ብዙውን ጊዜ የሚነበበው እንደ ሥነ ሕንፃ መጽሐፍ ነው። ጀማሪ ምሁር ግን በሌላ ዓይን ሊያነበው ይገባል፤ የምርምር አጀንዳ እንዴት እንደሚወለድና ሲወለድ ምን እንደሚጋርድ አብሮ ያሳያልና። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ የተለየ ምክንያት አለው። መጽሐፉ በመኪና መስታወት አሻግሮ ባያት ከተማ፣ ዛሬ ከመሪው ኋላ ከተቀመጡት ታክሲ ነጂዎች ብዙዎቹ የአገሩ ልጆች ናቸው።

የአጀንዳው ሥር ከአፍሪካ ይነሣል። ስኮት ብራውን በ1931 ዛሬ ዛምቢያ በምትባለው ሰሜን ሮዴዥያ ተወልዳ ጆሃንስበርግ አደገች። ልጅ ሳለች የሥዕል መምህሯ «የምትኖሩበትን፣ በዙሪያችሁ ያለውን ሳሉ» እያለች ታስተምራቸው እንደነበር በኋላ ዘመኗ ደጋግማ ተናግራለች። በዚያ ዘመን ለቅኝ ገዢው ልጅ ውበት ማለት የእንግሊዝ አገር ለምለም መስክ ነበር፤ ደጁ ላይ ያለው ደረቅ ምድር እንደ ጉድለት ይቆጠራል። የመምህሯ ምክር ይህን ገለበጠው። ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ በረሃ ውስጥ፣ ሌሎች የናቁትን ነገር ቆማ ለማየት የቻለችው ከዚያ በተማረችው ዓይን ነው።

ስኮት ብራውን በ1958 ፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በዓመቱ የመጀመሪያ ባለቤቷ በመኪና አደጋ ሞተ። በ1960 እዚያው ማስተማር ጀመረች፤ በ1965 ለማስተማር ወደ ካሊፎርኒያ ስትሻገር ላስ ቬጋስን አየች። ያን ጊዜ ለተማረ አርክቴክት ላስ ቬጋስ የሚጠቀስ ከተማ አልነበረም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ፒተር ብሌክ የተባለው ሐያሲ የአሜሪካን የመንገድ ዳር ታፔላና ሱቅ የቆሻሻ ክምር ነው ብሎ መጽሐፍ አውጥቶበታል። ወጣቷ መምህርት ግን ከተማዋ የሚገባት ጥያቄ እንዳላት ጠረጠረች። በ1966 የሥራ ባልደረባዋን ቬንቱሪን «ና እይ» ብላ ጠራችው፤ በ1967 ተጋቡ። በመጋቢት 1968 ስለ ገበያ አዳራሽ የመኪና ማቆሚያ ትርጉም የሚያወራ አንድ መጣጥፍ በጋራ አወጡ። በዚያው ዓመት መኸር የየል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ይዘው ወደ በረሃው ወረዱ።

የጥናቱ አካሄድ መጽሐፉ ራሱ በመግቢያው የሚነግረን ነው። ተማሪዎቹ አሥራ ሦስት ነበሩ፤ ሦስት ሳምንት በየል ቤተ መጻሕፍት፣ አራት ቀን ሎስ አንጀለስ፣ አሥር ቀን ላስ ቬጋስ ቆዩ፤ ከዚያ ተመልሰው ያዩትን ለመተንተን አሥር ሳምንት ፈጀባቸው። ስትሪፕ በሚባለው ትልቁ ጎዳና ላይ አስፋልቱን፣ የመኪና ማቆሚያውን፣ የሌሊቱን መብራት በየፊናው በካርታ አስፍረዋል። ከመንገዱ ሊነበብ የሚችለውን ጽሑፍ ሁሉ የመዘገበ ካርታም ሠርተዋል። የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ያስተማራቸው የፕላን አሣሣል ኒዮን መብራትን መያዝ ሲያቅተው፣ ከፎቶግራፍ አንሺው ኤድ ሩሼይ ተበደሩ፤ ሩሼይ በ1966 የሎስ አንጀለስን አንድ ጎዳና ቤት በቤት አንሥቶ እንደ ጥቅልል በሚዘረጋ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የወጣው ሐሳብ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ይጠቀሳል። ሕንፃ በሁለት መንገድ ይናገራል አሉ። አንዱ «ዳክዬ» ነው፤ ቅርጹ ራሱ መልእክት የሆነ ሕንፃ ማለት ነው፤ ስሙ በኒው ዮርክ ግዛት ሎንግ አይላንድ በዳክዬ ቅርጽ ከተሠራ የዳክዬ መሸጫ የተወሰደ ነው። ሌላው «ያጌጠ መጋዘን» ነው፤ ቤቱ ተራ ሣጥን ሆኖ ከፊቱ የቆመው ታፔላ የሚናገርለት። የላስ ቬጋስ ካሲኖዎች በአብዛኛው ሁለተኛው ዓይነት ነበሩ፤ ታፔላው ግዙፍ፣ ቤቱ ዝቅ ያለ። በመኪና የሚያልፍ ሰው ለሕንፃው ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ስለሆነ፣ ምልክቱ ከሕንፃው ቀድሞ መድረስ ነበረበት።

ጀማሪ ተመራማሪ ከዚህ የሚወስደው ነገር ግልጽ ነው። ጥያቄያቸው አንድና ጠባብ ነበረች፤ በፍጥነት ለሚያልፍ ሰው ቦታ እንዴት ይናገራል? የምትል። ጠባብነቷ ግን ብዙ ቦታ አስኬዳቸዋለች። በ1970 ያንኑ ጥያቄ ሌቪታውን ወደሚባሉት የመካከለኛ ገቢ መኖሪያ ሠፈሮች ይዘው ሄዱ። መሣሪያም ሲያጡ ከሌላ ሙያ ለመበደር አላፈሩም፤ ፍርዳቸውን ማቆየትም ችለዋል። የቁማርንና የንግድ ማስታወቂያን ሥነ ምግባር እዚህ አንመረምርም ብለው ገና ሲጀምሩ ወሰን አበጁ። ወሰን የሌለው አጀንዳ ምኞት ሆኖ ይቀራል፤ ይህን በደንብ ያውቁ ነበር።

የመጽሐፉ ድካምም የሚገኘው እዚያው ወሰኑ ላይ ነው። ገጾቹን ለሚያገላብጥ ሰው ላስ ቬጋስ ታፔላ፣ አስፋልትና መኪና ያላት፣ ሠራተኛ የሌላት ከተማ ትመስላለች። አልጋ የሚያነጥፈው፣ ሳህን የሚያጥበው፣ ካርታ የሚያድለው ሰው በትንታኔው ውስጥ ቦታ አላገኘም። ጥቁር አሜሪካውያን ተከልለው ይኖሩበት የነበረው ዌስትሳይድ የተባለው ሠፈር ከስትሪፕ ብዙም የራቀ አልነበረም። በ1955 ነጭና ጥቁር እኩል የሚስተናገድበት የመጀመሪያው ሆቴልና ካሲኖ፣ ሙላን ሩዥ፣ የተከፈተው ያንን ሠፈር ተጠግቶ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። በስትሪፕ ሆቴሎች የዘር ክልከላ እንዲነሣ ስምምነት የተደረሰው በመጋቢት 1960 በዚያው በተዘጋው ሆቴል ውስጥ ነው። የየል ተማሪዎች ሲደርሱ ይህ ከሆነ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር።

ሌላም አለ። ቄሳርስ ፓላስ በመጽሐፉ ውስጥ በሐውልቱ፣ በታፔላውና በመኪና ማቆሚያው በዝርዝር የተጠና ሆቴል ነው። በመጋቢት 1971፣ ስቱዲዮው ካለቀ በኋላ መጽሐፉ ሳይወጣ፣ ሩቢ ደንከን የመራቻቸው የዌስትሳይድ ድሃ እናቶች የኔቫዳ ግዛት የቆረጠባቸውን የድጎማ ገንዘብ ለማስመለስ ስትሪፕን በሰልፍ ሞልተው ወደዚያው ሆቴል ገቡ፤ ጨዋታው ቆመ። ፍርድ ቤትም ገንዘቡ እንዲመለስላቸው ወሰነ። የቄሳርስ ፓላስን ሐውልቶች የቆጠረ አንባቢ ስለነዚህ እናቶች ምንም ሳያውቅ መጽሐፉን ይከድናል።

ይህን ሁሉ በስኮት ብራውን ዓይን ማነስ ማመካኘት ግን አይቻልም። በዚያው ጊዜ ፊላዴልፊያ ውስጥ ሳውዝ ስትሪት የተባለውን ሠፈር አውራ ጎዳና እንዳይጠርገው ከነዋሪዎቹ ጋር ቆማ እየሠራች ነበር፤ የሠፈሩን ሰው ስም በስም ታውቀዋለች። ላስ ቬጋስ ላይ ሰውን ያላየችው አጀንዳው ለሰው ቦታ ስላላበጀ ነው። ጀማሪ ምሁር ሊፈራው የሚገባው ይህንን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ለሥራ እንዲመች የተሠመረ ወሰን፣ በአሥረኛው ዓመት የዓለም ዳርቻ መስሎ ይታያል።

ሌሎች አጀንዳቸውን የተከሉት መጽሐፉ ባለፈው ቦታ ላይ ነው። የታሪክ ምሁሯ አኔሊስ ኦርሌክ በ2005 የሩቢ ደንከንንና የጓደኞቿን ታሪክ በመጽሐፍ አወጣች። አንትሮፖሎጂስቷ ናታሻ ዳው ሹል ከ1990ዎቹ ጀምራ የላስ ቬጋስን ካሲኖዎች፣ ቁማርተኞችንና የማሽን ሠሪዎችን አጥንታ መጽሐፏን ያሳተመችው በ2012 ነው። ማሽኑ ላይ ተቸክለው የሚያድሩ ብዙዎቹ ተጫዋቾች ለማሸነፍ እንደማይጫወቱ፣ የሚፈልጉት ጊዜና ሰውነት የሚረሳበትን ድንዛዜ እንደሆነ፣ ማሽኑም ይህን አስልቶ እንደተሠራ አሳየች። የላስ ቬጋስ ስቱዲዮ ታፔላውን ከውጭ አነበበ፤ ሹል ታፔላው የጠራው ሰው ገብቶ ምን እንደሆነ ጠየቀች። በተማሪነት የጀመረችውን ጥያቄ ከአሥር ዓመት በላይ ይዛ መቆየቷ ለኮሚቴ የሚቀርብ የአምስት ዓመት ሠንጠረዥ ሊይዘው የማይችል ትዕግሥት ነው።

ስኮት ብራውን ላስ ቬጋስን ከማየቷ አንድ ዓመት በፊት፣ ሌላ ጀማሪ ተመራማሪ በሌላ ደረቅ አገር ሌላ የተናቀ ነገር ፊት ቆመው ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰው ተመልሰዋል፤ ዕድሜያቸው ሠላሳ ቢሆን ነው። ዓድዋ አካባቢ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው አዩ። እንዶድ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሳሙና ነው፤ የማያውቀው ባላገር የለም። የወጣቱ ምሁር ሥራ የታወቀውን ነገር ባልተጠየቀ ጥያቄ ማየት ነበር።

ከዚያች ወንዝ ዳር አንድ ሙሉ አጀንዳ ወጣ። የተክሉ ፍሬ ቀንድ አውጣውን በምን ያህል መጠን ይገድላል? ዓሣውንስ? ሰውንስ? ውድ የውጭ ኬሚካል መግዛት የማይችል ገበሬ ራሱ አብቅሎ ሊጠቀምበት ይችላል? ይህን የሚያጠና ቤት ስላስፈለገ በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ንጥረ ነገሩ አሜሪካ ውስጥ ተለይቶ ሲወጣ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። ዓድዋ ላይ የተደረገው የመስክ ሙከራም በሽታውን በጉልህ ቀነሰ።

የሚቀጥለው ምዕራፍ ግን መራራ ነው። በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት የዓለም አቀፍ ተቋማትን እምነት በቀላሉ አላገኘም። የመርዛማነት ምርመራው በእነሱ ደረጃና በእነሱ ቤተ ሙከራ ካልተደገመ ተባለ፤ የሚደግመው ሲጠፋ ዓመታት አለፉ። አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት በጋራ የተቀበሉት በ1989 ነው፤ ከመጀመሪያው ምልከታ ሃያ አምስት ዓመት በኋላ።

ስኮት ብራውንም የእውቅናውን ጣጣ ታውቀዋለች። በ1991 የፕሪትዝከር ሽልማት ለቬንቱሪ ብቻ ተሰጠ። በ2013 የሃርቫርድ ተማሪዎች ስሟ እንዲታከል ፊርማ አሰባስበው ቢጠይቁ ሸላሚው አልተቀበለም። ስለዚህ አድልዎ በ1975 የጻፈችው መጣጥፍ የታተመው በ1989 ነበር፤ በሙያዋ ላይ ጉዳት እንዳያመጣባት ሠግታ አቆይታው ነበር። አብሮ የተሠራ ሥራ ስም ሲወጣለት ለአንዱ ብቻ ሊወጣለት ይችላል። ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከአክሊሉ እኩል መጠራታቸው ከዚህ አንጻር ትንሽ ነገር አይደለም። ወንዝ ዳር እንዶዱን የወቀጡት ሴቶች ስም ግን በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ የለም፤ በዚህስ ዓድዋና ላስ ቬጋስ ይመሳሰላሉ።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ስለ አጀንዳ የሚሰጠውን የተለመደ ምክር በጥርጣሬ ማየቱ አይቀርም። ጀማሪው የሚመከረው «የዕውቀት ክፍተቱን ከጽሑፍ ፈልግ» ተብሎ ነው። ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ክፍተት ግን ሌሎች ቀድመው ያጠሩት ክፍተት ነው። ዓድዋ ያለው ወንዝም ሆነ ስትሪፕ በየትኛውም መጽሔት መደምደሚያ ላይ «ወደፊት ይጠና» ተብለው አልተጻፉም። ንባብ አስፈላጊ መሆኑን ማንም አይክድም፤ የየል ተማሪዎችም ሦስት ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ነገር ግን ተነሥተው ሄደዋል።

አገር ቤት ያለው ጀማሪ መምህር ይህን ሲያነብ «ለእኔ ማን ጊዜ ሰጠኝ?» ቢል እውነቱን ነው። የማስተማር ጫናው ከባድ ነው፤ ዕድገት የሚለካው በታተመ መጣጥፍ ቁጥር ነው፤ የምርምር ገንዘብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከውጭ ሲመጣ ጥያቄውን ይዞ ይመጣል። ቢሆንም የስኮት ብራውንን ጥያቄ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት የአውሮፕላን ትኬት አያስፈልገውም። ላስ ቬጋስ ለተንቀሳቃሽ ሰው በኒዮን ብትናገር፣ አዲስ አበባ ለዘመናት የተናገረችው በታክሲ ረዳት አፍ ነው። «ቦሌ፣ ቦሌ!» የሚለው ጥሪ ታፔላ ነው፤ የሚጮኸው ልጅ ሲሄድ የሚጠፋ፣ ሰልፍ ሲረዝም የሚለወጥ ታፔላ። መገናኛ ላይ ወይም ሜክሲኮ አደባባይ ከተማው በድምፅ እንዴት እንደሚነበብ በካርታ ለማስፈር የሚነሣ ወጣት፣ የ1968ቱን ስቱዲዮ ዘዴ ወስዶ ስቱዲዮው የረሳውን ሰው ከመሃል ያስቀምጣል።

ባሕር ማዶ ያለው ጀማሪ ፈተናው ሌላ ነው። ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ስለ ኢትዮጵያ እንዲጽፍ ይጠበቃል፤ ክረምት ሲመጣ አገር ቤት ሄዶ መረጃ ሰብስቦ ይመለሳል። ወንድሙ ወይም አጎቱ ላስ ቬጋስ ታክሲ እየነዳ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ግን «የቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ይተወዋል። ስትሪፕ በአብዛኛው ከላስ ቬጋስ ከተማ አስተዳደር ወሰን ውጭ ሆኖ በክላርክ አውራጃ ሥር ነው፤ ይኸው አውራጃ በ2023 ከስትሪፕ በስተምዕራብ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች የበዙበትን አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሟል። ሠፈሩን ያቆመው ሰው በብዛት የመጣው በታክሲው፣ በሆቴሉና በካሲኖው ሥራ ነው።

እዚህ ውስጥ የተቆለለው ጥያቄ የአንድ ሰው ዕድሜ አይጨርሰውም። በ2015 የስልክ ታክሲዎች በኔቫዳ በሕግ ሲፈቀዱ የአበሻ ታክሲ ነጂ ቤት ውስጥ ምን ተለወጠ? እቁብ የስንቱን ቤት ቅድመ ክፍያ ሸፈነ? ሌሊት የሚሠራ አባትና ቀን የሚማር ልጅ በምን ቋንቋ ይገናኛሉ? ቁማር ሲጫወት የሚያድረውን ደንበኛ ጎህ ሲቀድ ወደ ቤቱ የሚወስደው ነጂ፣ ሹል ከማሽኑ ፊት ያየችውን ሰው እሱ ከኋላ ወንበር ያየዋል፤ የሚያውቀውን የጠየቀው አለ? ስኮት ብራውንና ጓደኞቿ ምልክቱን ሁሉ ለነጂ የተሠራ ነው ብለው ሲያበቁ፣ ነጂውን ራሱን አላናገሩትም።

የቅርብን ነገር ማጥናት የራሱ አደጋ አለው። ዘመድ መረጃ ሲሆን ዘመድነቱ ሊጎዳ ይችላል፤ በመተማመን የተነገረ የገቢ ወሬ፣ የፈቃድ ወረቀት ችግር፣ የቁማር ዕዳ ለመጽሔት አይሆንም። ስለዚህ የሚጠናው ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ ስለ ጥያቄው ሊጠየቅ ይገባል፤ ምን ቢጠና ይጠቅመዋል? ምኑ ቢጻፍ ያቃጥለዋል? ሳውዝ ስትሪት ላይ ስኮት ብራውን ይህን አድርጋለች፤ ላስ ቬጋስ ላይ አላደረገችውም። የሁለቱ ልዩነት ከየትኛውም የዘዴ መማሪያ መጽሐፍ በላይ ያስተምራል።

«ከላስ ቬጋስ መማር»ን ለማንበብ የሚፈልግ ሰው በ1977 የወጣውን ሁለተኛ እትም ቢይዝ ይሻለዋል። የመጀመሪያው ትልቅ፣ ውድና ያሸበረቀ ነበር፤ ስኮት ብራውን ራሷ ስለ ተራው ነገር የሚያወራ መጽሐፍ እንዲህ ማጌጡን አልወደደችውም፤ ሁለተኛውን አሳንሳና አቅልላ አዘጋጀችው። ከሥራዋ ይህም አንዱ ትምህርት ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሳ የራሷን መጽሐፍ አርማለች። ወሰኑን ግን እንዳለ ትታዋለች፤ ዛሬም በየገጹ መኪናው ይሄዳል፣ ታፔላው ይበራል፣ የነጂው ወንበር ባዶ ነው።